«ኦድ» ማለት የውርርድ ዋጋ

ሮቢት ገበያ ላይ የሽንኩርት ዋጋ ሲጠራ ቁጥሩን እንደ ትንቢት የሚሰማው ሰው የለም። ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው አስፋልት ዳር ጆንያውን ደርድሮ የቆመው አምራችም፣ መኪና ይዞ የመጣው ነጋዴም ዋጋው ውስጥ ምን ምን እንዳለ ያውቁታል። ዘንድሮ የተመረተው አለ፣ ዛሬ ገበያ የወጣው አለ፣ የፈላጊው ብዛት አለ፣ የጭነቱ ሒሳብ አለ፣ በመጨረሻም የነጋዴው ትርፍ አለ። ስለዚህ ዋጋ ሲጠራ ክርክር ይነሣል፤ «ትርፍህን ቀንስ» ይባላል።

ከዚያው ገበያ ዳር ቡና ይዞ የተቀመጠ አንድ ወጣት ስልኩ ላይ ሌላ ቁጥር ያያል እንበል። ካውንተር ስትራይክ በሚባለው የተኩስ ጌም ሁለት ቡድኖች ሊጋጠሙ ነው። በአንደኛው ስም ትይዩ 1.50፣ በሌላኛው ትይዩ 2.50 ተጽፏል። ጓደኛው «ኦዱ ስንት ነው?» ይለዋል። «አንድ ነጥብ አምስት ነው፣ ይሄማ ያሸንፋል» ይላል እሱ። ሽንኩርቱ ላይ የታየው ንቃት እዚህ የለም። ማንም «በዚህ ቁጥር ውስጥ የማን ትርፍ አለ?» ብሎ አይጠይቅም። ቁጥሩ ግን እንደ ሽንኩርቱ ሁሉ ዋጋ ነው።

«ኦድ» የሚለው ቃል ወደ አማርኛ የገባው በእግር ኳስ ውርርድ ቤቶች በኩል ነው። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ በሚታይበት ሁሉ «ኦድ»፣ «ቲኬት መቁረጥ»፣ «በላሁ»፣ «ተበላሁ»፣ «ቲኬቴ ተቃጠለ» የተለመዱ አነጋገሮች ሆነዋል። አሁን ደግሞ ቃሉ ወደ ኤሌክትሮኒክ ስፖርት፣ በተለይም ወደ ተኩስ ጌሞች ውድድር እየተሻገረ ነው። ፐብጂ ሞባይልና ፍሪ ፋየር በብዙ ኢትዮጵያውያን ወጣቶች ስልክ ውስጥ አሉ፤ የታላላቆቹን ውድድሮች ስርጭት የሚከታተለውም ጥቂት አይደለም። ቃሉ እንዲህ ሲዛመት ትርጉሙ እየደበዘዘ ሄዷል። «ኦድ» ለአንዱ ዕድል ነው፣ ለሌላው ትንበያ ነው፣ ለሦስተኛው የሽልማት መጠን ነው።

ይህ ጽሑፍ ለ«ኦድ» የሚያቀርበው አማርኛ «የውርርድ ዋጋ» የሚል ነው። ባጭሩ ሲነገር «ዋጋ» ብቻ ይበቃል።

ውርርድ ነበረ፣ ዋጋው አልነበረም

አማርኛ ለውርርድ ባዕድ አይደለም። በቀድሞው የ«በላ ልበልሃ» ሙግት ተከራካሪዎች ነገራቸውን የሚያጸኑበት አንዱ መንገድ መወራረድ ነበር። «እውነቱ በእኔ ዘንድ ነው» የሚለው ማር፣ በቅሎ ወይም ፈረስ ይጠራል፤ ተቀናቃኙም «ይሁን» ብሎ ይገባበታል። የተረታው የጠራውን ይከፍላል። ያ ውርርድ ዛሬ በስልክ ከሚቆረጠው ቲኬት በሁለት ነገር ይለያል። አንደኛ፣ ሁለቱም ወገኖች የሚያጡት እኩል ነው፤ አንዱ ጉንዶ ማር ጠርቶ ሌላው በሦስት ጉንዶ አይመልስለትም። ሁለተኛ፣ በመካከላቸው ውርርድ የሚሸጥ ቤት የለም።

በ1954 ዓ.ም. ብሔራዊ ሎተሪ ሲቋቋም ሻጭ መጣ። ነገር ግን ሎተሪ የቲኬቱም ዋጋ የዕጣውም ሽልማት አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ በቀጣዩ ሰዓት ምን ይሆናል ተብሎ ቁጥሩ ከፍ ዝቅ አይልም። በስፖርት ውርርድ ግን አንዱ ቡድን 1.50፣ ሌላው 2.50 ይባላል፤ ማታ ደግሞ 1.40 እና 2.80 ሆኖ ይገኛል። አማርኛ ስም ያላወጣለት ይህንን ነው። እንደ ገበያ የሚወጣና የሚወርድ፣ ሻጭ የሚቆርጠው፣ የሻጩ ትርፍ ውስጡ ያለበት ቁጥር ስሙ ዋጋ ነው።

ሌሎች አማራጮች ሊቀርቡ ይችላሉ። «ዕድል» ቢባል ቁጥሩ የማሸነፍን ዕድል በቀጥታ የሚናገር ያስመስለዋል፤ ሰዎች የሚሳሳቱት ደግሞ እዚህ ላይ ነው። «ብዜት» ቢባል የሒሳቡን ግማሽ ይነግራል፤ 100 ብር በ1.50 ተባዝቶ 150 ይሆናል ይላል እንጂ ቁጥሩ ከየት እንደመጣ አያሳይም። «ግምት» ከተባለ ደግሞ ማንም የሚሰነዝረው አስተያየት ይመስላል። «ዋጋ» የሚለው ቃል ሻጭና ገዢ መኖራቸውን ወዲያው ያስታውሳል፤ ሻጭ ካለ ደግሞ ትርፍ አለ።

ከ1.50 ውስጥ ምን ይወጣል?

የውርርድ ዋጋን ለመፍታት የሚያስፈልገው ማካፈል ብቻ ነው። 1ን ለ1.50 ማካፈል 66.67 በመቶ ይሰጣል። 1ን ለ2.50 ማካፈል 40 በመቶ ይሰጣል። ከሁለቱ ቡድኖች አንዱ ማሸነፉ አይቀርምና ድምሩ 100 በመቶ መሆን ነበረበት። እዚህ ግን 106.67 ሆኗል። ትርፏ 6.67 የቤቱ ድርሻ ናት።

ድርሻው ተነሥቶ ቁጥሮቹ ወደ 100 ሲመለሱ የመጀመሪያው ቡድን የማሸነፍ ዕድል 62.5፣ የሁለተኛው 37.5 በመቶ ይሆናል። ይህም ቤቱ ራሱ የገመተው ዕድል ነው ብሎ መውሰድ ይቻላል። ትርፍ የሌለበት ዋጋ ቢሆን ኖሮ 1.60 እና 2.67 ገደማ ይጻፍ ነበር። ወጣቱ 1.60 የሚገባውን በ1.50 እየገዛ ነው ማለት ነው። 100 ብር ባስያዘ ቁጥር፣ በረዥም ጊዜ አማካይ፣ የሚመለስለት 93 ብር ከ75 ሳንቲም ነው።

የራያ ቆላ ገበሬ የመሆንን ዕድል ከማንም በላይ ሲያሰላ የኖረ ሰው ነው። ሚያዝያ ላይ ዝናብ ከጣለ እንደ ደጋሊት ያለውን ረዥም ጊዜ የሚፈልግ ማሽላ ይዘራል። ዝናቡ ከቀረ ወይም ቡቃያው ከጠወለገ ሐምሌ ላይ አገላብጦ ጤፍ ይተካበታል። ባለፉት ዓመታት የሚያዝያው ዝናብ ስንቴ እንደጸና፣ ስንቴ እንደከዳ በልቡ ይዞታል። ያ ስሌት የዕድል ስሌት ነው። ነገር ግን ሰማዩ ከእያንዳንዱ እርሻ ላይ ድርሻ የሚቆርጥ አሻሻጭ የለውም። ዕድልና የውርርድ ዋጋ የሚለያዩት በዚህ ነው፤ የዝናቡ ዕድል ውስጥ የማንም ትርፍ የለም፣ 1.50 ውስጥ ግን አለ።

ድርሻው ይበልጥ የሚያድገው ጨዋታዎች ሲደራረቡ ነው። በኢትዮጵያ ውርርድ ቤቶች የተለመደው ብዙ ጨዋታ በአንድ ቲኬት መቁረጥ ነው፤ ምክንያቱ ግልጽ ነው፣ በትንሽ ብር ትልቅ ክፍያ ያሳያል። አምስት ጨዋታ፣ ሁሉም በ1.50፣ አንድ ቲኬት ላይ ቢቆረጥ የተባዛው ዋጋ 7.59 ይሆናል። 100 ብር 759 ብር ያመጣል ማለት ነው፤ ያጓጓል። አምስቱም ቡድኖች ቅድም እንደተባለው 62.5 በመቶ ዕድል ካላቸው ግን አምስቱም አንድ ላይ የማሸነፋቸው ዕድል 9.5 በመቶ ብቻ ነው። ከአሥር ቲኬት ዘጠኙ ይቃጠላል። በረዥሙ አማካይ ከ100 ብር የሚመለሰው 72 ብር ከ42 ሳንቲም ነው። በነጠላ ጨዋታ 6 ብር ከ25 ሳንቲም የነበረው የቤቱ ገቢ በአምስት ድርብ 27 ብር ከ58 ሳንቲም ሆነ። ጨዋታዎቹ አሥር ቢሆኑ ከመቶው 47 ብር ተኩል ገደማ እዚያው ይቀራል።

የተኩስ ጌም ዋጋ ለምን ይዋዥቃል?

እግር ኳስ ለለመደ ሰው የተኩስ ጌም ውድድር መጀመሪያ ግር ይላል። ካውንተር ስትራይክ እ.ኤ.አ. በ1999 የተጀመረ ሲሆን ካውንተር ስትራይክ 2 የተባለው እትሙ በመስከረም 2016 ዓ.ም. ወጥቷል። አምስት ለአምስት ይገጥማሉ። አንዱ ወገን ቦምብ ለማጥመድ ይሞክራል፣ ሌላው ይከላከላል። ከ12 ዙር በኋላ ወገን ይቀያየራሉ፤ ቀድሞ 13 ዙር ያሸነፈ ያን ሜዳ ይወስዳል፤ 12 ለ12 ከሆኑ ጭማሪ ዙሮች አሉ። ሜዳው «ማፕ» ይባላል፤ ኢንፈርኖ፣ ሚራጅ እና ደስት 2 ከታወቁት ናቸው።

ጀማሪ መጀመሪያ ማየት ያለበት ግጥሚያው ስንት ማፕ እንደሆነ ነው። አንድ ቡድን በአንድ ማፕ የማሸነፍ ዕድሉ 60 በመቶ ነው እንበል። ግጥሚያው «ከሦስት ሁለት ያሸነፈ» ሲሆን ዕድሉ ወደ 64.8 በመቶ ያድጋል፤ «ከአምስት ሦስት» ሲሆን 68 በመቶ ያልፋል። ማፑ ሲበዛ ጠንካራው ቡድን ጥንካሬውን ለማሳየት ጊዜ ያገኛል። ስለዚህ ያው ቡድን ያንኑ ተጋጣሚ ቢገጥምም በአንድ ማፕ ግጥሚያ ዋጋው ከፍ፣ በአምስቱ ደግሞ ዝቅ ብሎ ይገኛል። ቀጥሎ የሚታየው የትኞቹ ማፖች ተመረጡ የሚለው ነው፤ ቡድኖች በየተራ ማፕ ይጥላሉ፣ ይመርጣሉም። አንድ ቡድን የሚፈራው ማፕ ካልተጣለለት ዋጋው ግጥሚያው ሳይጀመር ይንቀሳቀሳል።

በጌሙ ውስጥ ደግሞ ገንዘብ አለ። ሁሉም ተጫዋች በ800 የጌም ዶላር ይጀምራል። ኤኬ-47 የሚባለው መሣሪያ 2,700 ነው፤ በመጀመሪያው ዙር ማንም አይገዛውም። አንድ ዙር የተሸነፈ ቡድን አንዳንዴ ሳይገዛ በሽጉጥ ገብቶ ብሩን ለቀጣዩ ያጠራቅማል፤ ያን ዙር መሸነፉን አስቀድሞ ተቀብሎታል ማለት ነው። ጨዋታው እየተካሄደ በሚቆረጥ ውርርድ ላይ ይህን የማያውቅ ሰው 0 ለ3 የሚለውን ውጤት አይቶ «አለቀ» ይላል። ዋጋ ቆራጩ ግን ማን ስንት ብር እንደያዘ ያውቃል።

ትልቁ ምሳሌ የጥር 2010 ዓ.ም. የቦስተን ፍጻሜ ነው። በካውንተር ስትራይክ «ሜጀር» የሚባለው ታላቅ ውድድር ላይ የአሜሪካው ክላውድ ናይን ከፌዝ ክላን ጋር ተገናኘ። ግምቱ ለፌዝ ያዘነበለ ነበር። አንድ ለአንድ ሆነው ሦስተኛው ማፕ ኢንፈርኖ ላይ ደረሱ። በዚያን ጊዜ ለማሸነፍ 16 ዙር ያስፈልግ ነበር፤ ፌዝ 15 ለ11 መራ። አንድ ዙር ብቻ ቀረው። ክላውድ ናይን አራት ዙር በተከታታይ ወስዶ 15 ለ15 አደረገው፣ በጭማሪም 22 ለ19 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። የዚያን ሰዓት የክላውድ ናይን ዋጋ ከፍ ያለው «አይሆንም» ለማለት አይደለም፤ እንዲህ ካሉ ብዙ ግጥሚያዎች በጥቂቱ ብቻ ይሆናል ለማለት ነው። ሆነ። አንድ ጊዜ በመሆኑ ግን ዋጋው ስህተት ነበር አይባልም፤ ያንን ምሽት አስታውሶ በየሳምንቱ ደካማውን ቡድን የሚቆርጥ ሰውም አይጠቀምም።

ፐብጂ ሞባይል ሌላ ዓይነት ነው። በታላላቆቹ ውድድሮች 16 ቡድኖች፣ እያንዳንዳቸው አራት ተጫዋች ይዘው አንድ ሜዳ ላይ ይወርዳሉ፤ ነጥቡ ከደረጃና ከገደሉት ብዛት ይደመራል። አሥራ ስድስቱም እኩል ቢሆኑ ትርፍ የሌለበት ዋጋ ለእያንዳንዳቸው 16.00 ነበር። ቤቱ 12.00 ብሎ ቢጽፍ «አሥራ ሁለት እጥፍ!» ያሰኛል። ሒሳቡ ሲሠራ ግን ከ100 ብር በአማካይ የሚመለሰው 75 ብር ነው። ተወዳዳሪ ሲበዛ የቤቱ ድርሻ ለመደበቅ ይቀለዋል።

ዋጋው በውሸት ሲቆም

የሽንኩርት ዋጋ የሚቆመው ጆንያው ውስጥ ያለው ሽንኩርት ነው በሚል እምነት ነው። የውርርድ ዋጋም ሁለቱ ቡድኖች ለማሸነፍ ይጫወታሉ በሚል እምነት ይቆማል። እምነቱ የፈረሰበት የታወቀ ታሪክ አለ። በነሐሴ 2006 ዓ.ም. አይባይፓወር የተባለው ጠንካራ የአሜሪካ ቡድን ኔትኮድጋይድስ በተባለ ደካማ ቡድን 16 ለ4 ተሸነፈ። በኋላ ሆን ብለው እንደተሸነፉ ታወቀ። ውርርዱ የተካሄደው በብር ሳይሆን «ስኪን» በሚባሉ፣ መሣሪያን በሚያስጌጡና በገበያ በሚሸጡ የጌም ዕቃዎች ነበር። የጌሙ ባለቤት ቫልቭ በጥር 2007 ዓ.ም. ሰባት ሰዎችን እሱ ከሚደግፋቸው ውድድሮች አገደ።

በቀጣዩ ዓመት፣ በ2008 ዓ.ም.፣ የኤሌክትሮኒክ ስፖርትን ንጽሕና የሚከታተለው ኢሲክ የሚባለው ተቋም ተመሠረተ። ይኸው ተቋም በመስከረም 2013 ዓ.ም. በጌሙ ውስጥ የነበረ ብልሽት ተጠቅመው የተጋጣሚን እንቅስቃሴ ይመለከቱ የነበሩ 37 አሠልጣኞችን ቀጣ። አውስትራሊያ ውስጥ ደግሞ በነሐሴ 2011 ዓ.ም. የቪክቶሪያ ፖሊስ ከካውንተር ስትራይክ ጨዋታ ማጭበርበር ጋር በተያያዘ ስድስት ሰዎችን ይዟል። እነዚህ ሁሉ ለጀማሪ አንድ ነገር ይናገራሉ። ትንሽ ሽልማት ያለበት፣ በመስመር ላይ ብቻ የሚካሄድ፣ ተመልካች የሌለው ግጥሚያ ላይ የተጻፈ ዋጋ ከሁሉ ይልቅ ያጠራጥራል። በሪያድ እ.ኤ.አ. በ2024 ከ60 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሽልማት ቀርቦበት እንደተካሄደው የኢ-ስፖርት የዓለም ዋንጫ ያለ መድረክ ላይ ተጫዋቹ ለማሸነፍ በቂ ምክንያት አለው፤ በትንሿ ግጥሚያ ግን መሸነፍ የበለጠ ሊከፍለው ይችላል።

በአገር ቤት

በኢትዮጵያ የዕድል ጨዋታ ያለ ፈቃድ አይሸጥም፤ የስፖርት ውርርድም ብሔራዊ ሎተሪ ፈቃድ ሲሰጥበት የቆየ ሥራ ነው። በ2015 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር በርካታ ውርርድ ቤቶችን መዝጋቱ የሚታወስ ነው። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ከዕድል ሙከራ በሚገኝ ገቢ ላይ 15 በመቶ ግብር ጥሏል፤ ከ1,000 ብር በታች ለሆነው እንዳይከፈልም ደንግጓል። ይህም ዋጋውን ይነካዋል። ቅድም ባለ አምስት ጨዋታው ቲኬት በ500 ብር ተቆርጦ ቢሳካ 3,796 ብር ከ88 ሳንቲም ያመጣል። 15 በመቶው በሙሉው ላይ ከተቆረጠ እጅ የሚገባው 3,227 ብር ከ34 ሳንቲም ነው። ስክሪኑ ላይ 7.59 የነበረው ዋጋ በተግባር 6.45 ሆነ።

የዓለም ጤና ድርጅት ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ ባዋለው 11ኛው የበሽታዎች ምደባ የቁማር ሱሰኝነትንም የጌም ሱሰኝነትንም በየስማቸው መዝግቧል። የተኩስ ጌም ውርርድ ሁለቱን አንድ ስክሪን ላይ ያገናኛል። አንዱ ምልክት በወጣቶች አነጋገር ውስጥ በግልጽ ይሰማል፤ «የተበላሁትን ላስመልስ» ይባላል። ይህን የሚል ሰው ገበያ ወጥቶ ሽንኩርት በውድ ስለገዛ ያንኑ ሽንኩርት በዚያው ዋጋ ደግሞ እንደሚገዛ ሰው ነው፤ የሁለተኛው ግዢ ዋጋ የመጀመሪያውን ኪሳራ አያውቅም። ለዘር፣ ለማዳበሪያ ወይም ለትምህርት ቤት የተቀመጠ ብር ከመቶው ሰባ ሁለት ብቻ ወደሚመለስበት ቦታ ሲሄድ ዝም ብሎ ማየት ይከብዳል። ቃሉን በአማርኛ ማስቀመጥ ያስፈለገውም ለዚህ ነው፤ «ኦዱ አሪፍ ነው» የሚለው «ዋጋው ርካሽ ነው» ወደሚል ሲቀየር «ከምን አንጻር?» የሚል ጥያቄ ይከተለዋል።

ቃሉ መዝገብ ውስጥ ቢገባ እንዲህ ሊጻፍ ይችላል።

የውርርድ ዋጋ (ስም)፦ በአንድ ግጥሚያ ውጤት ላይ ብር ያስያዘ ሰው ከተሳካለት ለእያንዳንዱ ብር የሚከፈለው መጠን፤ አወራራጁ ቤት የሚቆርጠው፣ የቤቱን ድርሻ በውስጡ የያዘ ቁጥር። በተለምዶ፦ ኦድ። ተዛማጅ፦ *የቤት ድርሻ*፣ የሁሉም ውጤቶች ዋጋ ወደ መቶኛ ተለውጦ ሲደመር ከ100 በላይ የሚተርፈው።

አገባቡም እንዲህ ነው። «የፌዝ የውርርድ ዋጋ ጠዋት 1.60 ነበር፣ ማፑ ከተመረጠ በኋላ 1.45 ገባ።» «ዋጋው 2.50 ነው ማለት ቤቱ ከነድርሻው 40 በመቶ ብሎታል ማለት ነው።» «የሁለቱን ዋጋ ወደ መቶኛ ለውጬ ደምሬ አየሁት፣ የቤት ድርሻው ስምንት ሆነብኝ፤ ተውኩት።»